የፒካፕ የፊት ሞላ ሲቀየር፦ የሚባለውና እውነታው

«የፊት ሞላውን ቀይረው፣ መኪናህ ሌላ መኪና ይሆናል።» ሃይሉክስ ወይም ላንድ ክሩዘር ፒካፕ የሚነዳ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ምክሩ ትክክል ነው። ለመኪናው የሚስማማ ሞላ ኮረኮንች ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ችግሩ ገዢው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ነገር ላይ ነው። «የቱ ነው ከፍ የሚያደርገው? የቱ ነው ጠንካራው?» ይላል። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ከፊት ሁልጊዜ ተጭኖ የሚሄደው ስንት ኪሎ ነው? ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ይህ ጥያቄ ሲዘለል ነው።

«ሞላው ከጠነከረ መኪናው ከፍ ይላል»

ጥንካሬና ከፍታ አንድ አይደሉም። ጥንካሬ ማለት ሞላውን አንድ ሳንቲ ሜትር ለመጭመቅ የሚያስፈልገው ኃይል ነው። ከፍታውን የሚወስነው ግን ጥንካሬው ብቻ ሳይሆን የሞላው ርዝመትም ጭምር ነው። ጠንካራ ሆኖ አጭር ሞላ መኪናውን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ለስላሳ ሆኖ ረጅም የሆነው ደግሞ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሞላ ጎን ለጎን አቁሞ ረጅሙን ማንሳት የትም አያደርስም።

ጥንካሬውን የሚወስኑት የብረቱ ውፍረት፣ የጥቅሉ ስፋትና የዙሩ ብዛት ናቸው። በተለይ ውፍረቱ ላይ ተጠንቀቁ። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ብረቱ ከ14 ወደ 15 ሚሊ ሜትር ቢወፍር ጥንካሬው 32 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አንድ ሚሊ ሜትር በዓይን አይለይም። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ መለዋወጫ ልትገዙ ስትሄዱ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁም ለክታችሁ እዩት። ከሌላ መኪና የወጣ ረጅም ሞላ ቆርጦ ማስገባትም አለ። ዙሩ ሲቀንስ የቀረው ይጠነክራል። የተቆረጠው ጫፍም መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም። ይህን አታድርጉት።

«ዕቃ ስለምጭን የፊቱንም ጠንካራ ላድርገው»

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ካሶኒው ላይ የሚጫነው ዕቃ በአብዛኛው የሚያርፈው የኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢው የብረት ዝርግ ሞላ) ላይ ነው። ከኋላ አክስል አልፎ የተጫነው ደግሞ ጭራሽ ፊቱን ያቀለዋል። የፊት ሞላ የሚመረጠው ከፊት ታስሮ ለሚኖረው ክብደት ነው፦ ለብረት ቡል ባር (የፊት መከላከያ)፣ ለዊንች (መጎተቻ)፣ ለሁለተኛ ባትሪ።

አንድ ስሌት ላሳያችሁ። በደብል ካብ ሃይሉክስ ቪጎና ሬቮ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 3085 ሚሊ ሜትር ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ቡል ባር ከፊት አክስሉ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደፊት ወጥቶ ቢታሰር፣ ፊቱ ላይ የሚጨመረው 60 ሳይሆን 75 ኪሎ ገደማ ነው። ትርፉ 15 ኪሎ ከኋላ አክስል ላይ ተነስቶ ወደ ፊት የመጣ ነው። ዊንች ሲጨመርበት ደግሞ እንዲሁ እየበዛ ይሄዳል። ሞላ አምራቾች ለአንድ ሞዴል ሁለትና ሦስት ዓይነት ሞላ የሚያወጡትም ለዚህ ነው፦ አንዱ ከፊት ምንም ላልተጨመረበት፣ አንዱ ቡል ባር ላለው፣ አንዱ ቡል ባርም ዊንችም ላለው።

ምንም ሳይጨምር ለዊንች የተሠራውን ሞላ ያስገባ ሰው ምን ያገኛል? ፊቱ ሽቅብ ይቆማል። እያንዳንዱ ጉድጓድ እጁ ድረስ ይመጣል። ኮረኮንች ላይ ጎማው መሬቱን እየተከተለ መሄዱን ትቶ ይዘላል። በአየር ላይ ያለ ጎማ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። ጠንካራ ሞላ ሁሌ ይሻላል የሚለው ወሬ ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጠው እዚህ ላይ ነው።

«2 ሳንቲ ስፔሰር መኪናውን 2 ሳንቲ ያነሳል»

ስፔሰር ከፍታ ለመጨመር ከሞላው ጋር የሚገባ ቀለበት ነው። ምን ያህል እንደሚያነሳ ግን እንደ መኪናው ነው። 79 ላንድ ክሩዘር ከፊት ሁለቱን ጎማ የሚያገናኝ ሙሉ አክስል ነው ያለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከፊት በባሌስትራ ፈንታ ሞላ ነው የተገጠመለት። ሞላው አክስሉ ላይ ስለሚቀመጥ የጨመራችሁትን ያህል ይነሳል ማለት ይቻላል። ቪጎና ሬቮ ላይ ግን ሞላው ሾክ አብዞርበሩን (የሞላውን ዝላይ የሚያበርደውን፣ ባጭሩ ሾክ የሚባለውን) ከቦ የታችኛው አርም (ጎማውን የሚይዘው ክንድ) ወገብ አካባቢ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ከላይ 1 ሳንቲ ሜትር ስፔሰር ብታስገቡ ጎማው ጋ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ይህን ሳያውቁ የ4 ሳንቲ ስፔሰር የሚያስገቡ አሉ።

«ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል»

ጎማ ወደ ላይም ወደ ታችም መንቀሳቀሻ ይፈልጋል። ሾክ አብዞርበሩ ሳይረዝም መኪናው ብቻ ከፍ ሲል ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያልቃል። ትንሽ ጉድጓድ ሲያገኝ ሾኩ ጫፉ ላይ ደርሶ «ጓ» ይላል። ሃይሉክስ ላይ በተለምዶ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ድረስ ማንሳት ይቻላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሲቪ ጆይንቱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መታጠፊያ) ከመጠን በላይ ይታጠፋል፣ ላስቲኩም ቶሎ ይቀደዳል። የላይኛው አርም ቦል ጆይንትም ገደቡ ላይ ይደርሳል። 79 ላይ ደግሞ አክስሉ ዞር ስለሚል መሪው ቀልሎ አስፋልት ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ካነሳችሁት ይህን የሚያርም ልዩ ቡሽ (የመገጣጠሚያ ጎማ) የፊት አርሞቹ ላይ ያስፈልጋል።

«ድንጋይ አይነካኝም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። 79 ላይ ዲፈረንሻሉ አክስሉ ውስጥ ስለሆነ ሞላ አያነሳውም። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። ሃይሉክስ ላይ የፊቱ ዲፈረንሻል ሻንሲው ላይ ስለታሰረ አብሮ ይነሳል፤ የኋላው ግን እዚያው ነው።

«መኪናው ስለሚዘል ሞላው ደክሟል»

የደከመው ብዙ ጊዜ ሾኩ ነው። ሞላ ሲያረጅ ርዝመቱ ያጥራል እንጂ ብረቱ አይለሰልስም። መኪናው ዝቅ ስለሚል ጎማው ሽቅብ ሲል አርሙ በቀላሉ ማቆሚያ ላስቲኩ ድረስ ይደርሳል፤ «ለሰለሰ» የሚያሰኘው ይህ ነው። ለማጣራት መኪናውን ሜዳ ቦታ አቁሙና ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በሜትር ለኩ፤ ግራም ቀኝም። ልኬቱ ደህና ከሆነና ሾኩ ዘይት ካፈሰሰ፣ ገንዘባችሁን ሾክ ላይ አውሉት። ሞላውን አጠንክራችሁ የድሮውን ሾክ መተውም አያዋጣም። ጠንካራ ሞላ ተጨምቆ ሲመለስ ጉልበቱ ይበዛል፤ የደከመ ሾክ አይዘውም።

«ቶርሽን ባሩን ማጥበቅ ያጠነክረዋል»

ይህ ከቪጎ በፊት የነበሩትን፣ ከፊት ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) ያላቸውን ሃይሉክሶች ይመለከታል። ብሎኑን ስታጠብቁት ከፍታው ነው የሚጨምረው። የባሩ ጥንካሬ ያው ነው። ደረቅ የሚሆንባችሁ ጎማው የሚወርድበት ስለጠፋ ነው። ጥንካሬ ከፈለጋችሁ ወፈር ያለ ባር ግዙ።

«አዲስ ሞላ ስላለኝ ከድሮው በላይ እጭናለሁ»

አይሆንም። ፍሬኑ፣ አክስሉ፣ ቤሪንጉና ሻንሲው የድሮዎቹ ናቸው። ፋብሪካው የወሰነው ጠቅላላ ክብደት በሞላ አይቀየርም።

«ሞላ መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ እቤት ይሠራል»

ሃይሉክስ ላይ ሞላው ሾኩ ላይ ተጨምቆ ነው የሚኖረው። ጎማው ተንጠልጥሎ እንኳ በትልቅ ኃይል ታፍኗል። ሞላ መጭመቂያ ሳይኖር የላይኛውን ማዕከላዊ ዳዶ የፈታ ሰው ፊቱን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል። በሽቦና በክሪክ ይህን የሚሞክር ጋራዥ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ግራና ቀኝ አብረው ይቀየሩ። በአንዳንድ ሞዴል የሹፌሩ ጎን ሞላ ትንሽ ስለሚረዝም ምልክቱን ሳታዩ አታስገጥሙ። ሌላው ብዙ መካኒክ የሚዘለው ነገር የአርሞቹ ቡሽ ነው። መኪናው ክሪክ ላይ እያለ ብሎኑ እስከ መጨረሻው ከጠበቀ፣ ወደ መሬት ሲወርድ የቡሹ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ከዚያም በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። መጀመሪያ ላላ ተደርጎ ይታሰር። መኪናው መሬት ይንካ፣ ወዲያና ወዲህ ይገፋ፤ የመጨረሻው ማጥበቅ ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ዊል አላይመንት ግዴታ ነው፤ ከፍታ ሲቀየር የጎማው አቀማመጥ ይቀየራል፣ ጎማውም በአንድ ጎኑ ይበላል። በዚያው ቀን የፊት መብራቱንም ዝቅ አስደርጉት። ፊቱ ከፍ ሲል ብርሃኑም አብሮ ስለሚነሳ በሌሊት ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል።