የድምፅ ለውጥ ሕግ ምንድን ነው? እህት ቋንቋዎችን መፍጠር ለሚወዱ

እኛ ባሕር ዳር ላይ «ጣና» የምንለውን ሐይቅ የድሮ የፈረንጅ ካርታዎች «ጻና» ይሉታል። ተሳስተው አይደለም። በግእዝ ጽሑፎችም ስሙ በ«ጸ» ይገኛል። ትግርኛ «ጽሕሚ»፣ «ጸጉሪ» ሲል አማርኛ «ጢም»፣ «ጠጉር» ይላል። የድምፅ ለውጥ ሕግ የሚባለው ይሄ ነው። አንድ ድምፅ መለወጥ ከጀመረ አንድ ቃል ላይ አይቆምም፤ ያው ድምፅ በተመሳሳይ ቦታ ያለበትን ቃል ሁሉ ያዳርሳል።

ሁለት እህትማማች ቋንቋዎችን ለሚፈጥር ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ብዙ ጀማሪ ለሁለቱም ለየብቻ ቃል ይፈጥርና በኋላ ለማመሳሰል ፊደል ይቀያይራል። ዝምድናው የውሸት መሆኑ ወዲያው ያስታውቃል። መጀመሪያ ሁለቱ የሚወለዱባትን የእናት ቋንቋ ቃላት ፍጠሩ። ከዚያ ለእያንዳንዷ ልጅ የራሷን ሕግ ስጧት።

እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ቶልኪን የሠራው እንዲህ ነው። ክዌንያና ሲንዳሪን የተባሉት ቋንቋዎቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አባት በክዌንያ «አታር»፣ በሲንዳሪን «አዳር» ነው። ሲንዳሪን በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለውን «ት» ወደ «ድ» ስለሚያላላ ነው። ዛፍ በእናትየው «ጋላዳ» ነበር። ክዌንያ የፊተኛውን «ግ» ጥሎ፣ የመካከሉን አናባቢ ውጦ «አልዳ» አለው። ሲንዳሪን «ግ»ን ጠብቆ የመጨረሻውን አናባቢ ጣለ፤ «ድ»ንም አለሰለሰ። በነገራችን ላይ፣ ኤስፔራንቶ ከተባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው ኢዶ የዚህ ዓይነት እህት አይደለም። እሱ ተሐድሶ ነው፤ ልዩነቱን ያመጡት ሰዎች ተመካክረው ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የሕጎቹን ቅደም ተከተል ነው። ግእዙ «ቀዳሲ» የሚለውን አማርኛ «ቀዳሽ» ይላል። መጀመሪያ የመጨረሻው «ኢ» «ስ»ን ወደ «ሽ» ለወጠው፤ ቀጥሎ ራሱ ጠፋ። ተገላቢጦሽ ቢሆንስ? «ኢ» ቀድሞ ቢጠፋ «ስ»ን የሚለውጥ ነገር አይኖርም ነበር። ዛሬ «ቀዳስ» እንል ነበር። ሁለቱ ሕጎች ያው ናቸው፤ ተራቸው ሲቀያየር ግን ሌላ ቋንቋ ይወጣል። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ እዚህ ጋ ነው።

ውሰትንም አትርሱ። ከባሕር ዳር ወጣ ሲሉ «ጦም»፣ «ጠሎት» የሚል ሰው አይጠፋም። «ጾም» እና «ጸሎት» ግን በ«ጸ» ጸንተው አሉ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግእዙ ዕለት ዕለት ይነበባላ! እናንተም መዝገበ ቃላት ስትሠሩ የተወረሰውንና የተዋሰውን ቃል ለዩ። ከለውጡ በኋላ የገባውን ቃል ሕጉ አይነካውም።