ክሪያንዛ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ጸሐፊ «ክሪያንዛ የስፔን ተራ ቀይ ወይን ጠጅ ነው፤ ለሥጋ የሚቀርበው ግራን ሬሴርቫ ነው» ሲል አነበብሁ። ተመሳሳይ አባባል በምግብ ቤቶች የመጠጥ ዝርዝር ላይም ደጋግሞ ስለሚያጋጥመኝ፣ ቃሉን በቅጡ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ክሪያንዛ «ማሳደግ» የሚል ፍቺ ካለው የስፔን ግሥ የወጣ ስለሆነ፣ በአማርኛ «አስተዳደግ» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። የሚነግረን ወይን ጠጁ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት በምን ውስጥ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ነው። በሰሜን ስፔን ባለው የወይን ጠጅ አካባቢ፣ በሪዮሃ ደንብ ቀይ ክሪያንዛ ቢያንስ 2 ዓመት ይቆያል፤ ከዚህም ቢያንስ 1 ዓመቱን የሚያሳልፈው 225 ሊትር ገደማ በሚይዝ፣ ኦክ ከሚባል ዛፍ እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ ነው። ሬሴርቫ የሚባለው ቀጣዩ ደረጃ 3 ዓመት ሲቆይ ከበርሜል የሚጠበቅበት ያው 1 ዓመት ነው፤ ግራን ሬሴርቫ ግን 5 ዓመት ቆይቶ ቢያንስ 2ቱን በበርሜል፣ 2ቱን በጠርሙስ ያሳልፋል። በጠርሙሱ ጀርባ ያለውን የተቆጣጣሪውን ምክር ቤት ማኅተም ያየ ሰው በቀለሙ ይለያቸዋል፤ የክሪያንዛ ቀይ፣ የግራን ሬሴርቫ ሰማያዊ ነው።

እንግዲህ ደንቡ የሚቆጥረው ወራትን ነው፤ ጣዕምን አይመዝንም። በአንድ ቤት ብዙ ዓመት የኖረ ልጅ ሁሉ ጥሩ ሆኖ እንደማይወጣ፣ ወይን ጠጅም በቆይታ ብቻ አይከብርም። አዲስ በርሜል ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚናገር አሳዳጊ ነው፤ በተለይ የአሜሪካ ኦክ ከሆነ የቫኒላና የኮኮናት መዓዛውን ያሳድርበታል። ብዙ ያሳደገ አሮጌ በርሜል ግን ዝም ይላል፤ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ጥቂት አየር እያስገባ፣ ምላስንና ድድን የሚያኮማትረውን ታኒን ቀስ በቀስ ያለሰልሳል። ደንቡ በርሜሉ አዲስ ይሁን ስለማይል፣ «ክሪያንዛ እንጨት እንጨት ይላል» የሚለውም ፍርድ መሠረት የለውም። ጠርሙሱ ደግሞ ልጁ ከቤት ወጥቶ ለብቻው የሚሰክንበት ዘመን ነው። ከሁሉ በፊት ግን ተፈጥሮው አለ፤ ፍሬው በደከመበት ዓመት ቴምፕራኒዮ ከሚባለው የሪዮሃ ዋና ቀይ የወይን ዝርያ የተመረተ ወይን ጠጅ በበርሜል ሲዘገይ የፍሬ ጣዕሙን ያጣና እንጨቱ ብቻ ይቀርበታል።

ወደ ማዕዱ ስንመጣ፣ ያ ጸሐፊ በጣም የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሪዮሃ የጠቦት ጎድን ከወይን ሐረግ በተቆረጠ ደረቅ ጭራሮ ፍም ላይ ይጠበሳል፤ ጨው ብቻ ይነሰነስበታል። ስቡ ፍሙ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ጠርዙ እየከሰለ ለሚቀርብ ለእንዲህ ያለ ሥጋ የምመርጠው ክሪያንዛን ነው፤ ገና ትኩስ የሆነው የፍሬ ጣዕሙና ኮምጠጥ ማለቱ ስቡን ይቆርጠዋል፣ የቀረውን ታኒንም ሥጋው ያለዝበዋል። ድንችን ቾሪሶ ከሚባለው ቅመም ካለው የአሳማ ሥጋ ቋሊማ ጋር ቀቅለው ለሚሠሩት የአካባቢው ወጥም ያው ነው። የግራን ሬሴርቫን ብርጭቆ በነጭ ጨርቅ ላይ ዘንበል ቢያደርጉት ጠርዙ የጡብ ቀለም ይዞ ይታያል፤ መዓዛውም ወደ ቆዳ፣ ወደ ትምባሆና ወደ ደረቀ ፍሬ ያደላል። ይህን ረቂቅ ነገር የከሰል ጢስ ይውጠዋል፤ በምድጃ ቀስ ብሎ የበሰለ ጠቦት ወይም እንጉዳይ ግን ይስማማዋል። በርበሬ ከበዛበት ወጥ ጋር ሁለቱንም አልመክርም፤ የበርበሬው ማቃጠል አልኮሉንና ታኒኑን ያጎላዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ የቃሉ ደንብ በመላው ስፔን እኩል ጥብቅ አይደለም። በሪዮሃና ሪቤራ ዴል ዱዌሮ በሚባለው ሌላ የወይን ጠጅ አካባቢ ክሪያንዛ 12 ወር በኦክ ሲጠይቅ፣ አጠቃላዩ የስፔን ሕግ 6 ወር ይበቃል ይላል። ስለዚህ ከክሪያንዛው በፊት የአካባቢው ስም ይነበብ። ሲቀርብም ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል፤ በሞቃት ክፍል ውስጥ የዋለ ጠርሙስ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ስለሚመታ፣ ከመከፈቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ።