በወሎ ሳይታወቅ የሚኖር ስኳር እና ቀድሞ የመለየት ምርመራ

ዓይነት 2 የሚባለው የስኳር በሽታ ሲጀምር አያምም። ሰውዬው ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ቡናውን ይጠጣል። የደሙ ስኳር ግን ዓመት ከዓመት ይጨምራል። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ለ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት 589 ሚሊዮን አዋቂዎች ስኳር አለባቸው፤ ከ10ሩ ከ4 በላይ የሚሆኑት አያውቁትም። በአፍሪካ የማያውቁት ከሚያውቁት ይበልጣሉ።

በወሎም ብዙው ሰው ስኳሩን የሚያገኘው ለሌላ ነገር ሄዶ ነው። አንዱ ዓይኔ ደበዘዘ ይላል፣ ሌላው የእግሬ ቁስል አልድን አለኝ ይላል። ሌሊት ለሽንት መመላለስ በእርጅና ይሳበባል። ውሃ ጥም በሙቀቱ ይሳበባል፤ ባቲ ላይ ማን አይጠማውም? ሽንት ላይ ጉንዳን ሲሰበሰብ ግን የሚጠረጥር አለ። እውነትም ምልክት ነው፣ የዘገየ ቢሆንም፤ ስኳር ወደ ሽንት መፍሰስ የሚጀምረው በደም ውስጥ ወደ 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲደርስ ነውና። እግርም ይደነዝዛል። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በሥጋ ደዌ ሕክምና ስለሚታወቅ፣ እዚህ አገር እግር ደነዘዘ ሲባል ሐሳብ ወደዚያ ቢሄድ አይገርምም። ግን ስኳርም እንደ ሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል።

ምርመራው ቀላል ነው። ጣት ይወጋል፣ የደሟ ጠብታ የስትሪፑን (የመለኪያውን ቁራጭ ወረቀት) ጫፍ ትነካለች፣ መለኪያው በሴኮንዶች ውስጥ ቁጥር ያወጣል። ከባዱ ባዶ ሆድ መምጣቱ ነው። ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም መቅመስ አይቻልም። የወሎን ጠዋት የሚያውቅ ችግሩ ይገባዋል።

«ምንም አልቀመስኩም» ይላሉ እናት።
«ቡናስ፣ እናቴ?»
«እሱማ ጠጥቻለሁ። ቡና ምግብ ነው እንዴ?»

ስኳር የገባበት ሁለት ስኒ! «እንደ ጾም ይቁጠሩት» ሲባል ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወዲያው ይረዳል።

በባዶ ሆድ ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ደህና ነው። 126 እና ከዚያ በላይ በሌላ ቀን ተደግሞ ከተገኘ ስኳር ነው። መሐል ያለው የማስጠንቀቂያ ደረጃ ነው። ምልክት ላለበት ሰው በማንኛውም ሰዓት ተለክቶ 200 ከሞላ ይበቃል። የሦስት ወሩን አማካይ የደም ስኳር የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የደም ምርመራ ጾም አይፈልግም፤ 6.5 በመቶ መስመሩ ነው። ደም ማነስ ግን ውጤቱን ያዛባዋል።

ማን ይመርመር? «ስኳር የወፍራም፣ የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው አባባል እዚህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቀጭን ገበሬም ይይዘዋል። እንደውም ለወሎ የተለየ ምክንያት አለ። ወሎ በ1965–66 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ክፉኛ የተመታ አገር ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944–45 በደረሰው ረሃብ ጊዜ ማኅፀን ውስጥ የነበሩ ሰዎች ሲያድጉ ሰውነታቸው ስኳርን በአግባቡ መቆጣጠር ሲቸግረው ታይቷል። የቻይና ረሃብም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። በማኅፀን የተራበ አካል በቁጠባ መኖር ይለምዳል፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ቆሽትም በደንብ ሳያድግ ይቀራል ነው ማብራሪያው። በሰባ ሰባት የተወለዱ ልጆች ዛሬ 40ን አልፈዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ልኬት ከሚመክርባቸው ምክንያቶች አንዱም ዕድሜ ከ40 በላይ መሆን ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ወሎ ላይ ጤና ባለሙያ ከቦርጭ በፊት የትውልድ ዘመን ቢጠይቅ ያዋጣዋል። ቤተሰቡ ስኳር ያለበት፣ ደም ግፊት ያለበት እና የቲቢ ታካሚም ይለካሉ። ነፍሰ ጡር በ24ኛውና በ28ኛው ሳምንት መካከል ትታያለች።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ቤት እየዞሩ የጠረጠሩትን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ላቦራቶሪዎችም ባዶ ቀርተው ነበር። መለኪያው ባለበትም ስትሪፕ ካለቀ ታካሚው ወደ ግል ክሊኒክ ሄዶ ከኪሱ ይከፍላል፣ ወይም ሳይለካ ወደ ቤቱ ይመለሳል።