«54»፦ ተቆራርጦ ወጥቶ ከ17 ዓመት በኋላ የተመለሰው የዲስኮ ፊልም

«54» በኦገስት 1998 አሜሪካ ውስጥ ለዕይታ የበቃ ድራማ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጽፎ የመራው ማርክ ክሪስቶፈር ነው። ታሪኩ የሚሽከረከረው በዲስኮ ዘመን ስሙ በናኘው የኒው ዮርክ የምሽት ጭፈራ ክለብ በስቱዲዮ 54 ዙሪያ ነው።

ክለቡ በእውን የነበረ ነው። ስቲቭ ሩቤልና ኢያን ሽሬገር በኤፕሪል 1977 ማንሃተን ውስጥ ከፈቱት። ቤቱ በ1927 ለኦፔራ የተሠራ ሲሆን በኋላ የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ስቱዲዮ ሆኗል፣ ስለዚህ ጨፋሪው የሚጨፍረው ቀድሞ ትያትር በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ወሬው ሁሉ ግን ስለ በሩ ነበር። ሩቤል ራሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን ይመርጣል። ገንዘብ ስላለህ ብቻ አትገባም። ዝነኛው ሰው ማንም ከማያውቀው የሰፈር ልጅ ጋር አንድ ወለል ላይ ሲጨፍር፣ ውጭ ያለው ሕዝብ ደግሞ አንዴ እንዲያዩት ብቻ ሲለምን ያድራል።

ፊልሙም ጥሩ የሚሆነው ይህን በር ሲይዝ ነው። ሼን ኦሼ (ራያን ፊሊፒ) ነዳጅ ማደያ የሚሠራ የኒው ጀርሲ ልጅ ነው። ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ሲሰለፍ የሩቤል ዓይን ያርፍበታል። ሸሚዙ አልተወደደለትም። አውልቆ ይገባል፣ ጓደኞቹ ግን ውጭ ይቀራሉ። እኔ እስከ መጨረሻው አብሮኝ የሚቆየው ይህ ትዕይንት ነው፣ ምክንያቱም ልጁ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ሁሉ የሚመጣው በዚያው በሰውነቱ ነው። መጀመሪያ በቁምጣ ብቻ ብርጭቆ ይሰበስባል፣ ከዚያ ባንኮኒ ላይ ቆሞ መጠጥ ቀጂ ይሆናል። ግሬግ (ብሬኪን ሜየር) የሥራ ባልደረባው ነው። የግሬግ ሚስት አኒታ (ሳልማ ሃዬክ) የእንግዶችን ካፖርት እየተቀበለች ዘፋኝ የመሆን ሕልም አላት። ሩቤልን የሚጫወተው ማይክ ማየርስ ነው፣ ኮሜዲያን ሆኖ ሳለ እዚህ ግን ከልቡ ያሳዝናል።

ችግሩ የተፈጠረው ከቀረጻ በኋላ ነው። የፊልሙ ድርጅት ሚራማክስ ፊልሙን ለሙከራ ተመልካች ሲያሳይ ሰው አልወደደውም፣ በተለይ የሼንና የግሬግ መሳሳም አስቆጣ። ድርጅቱ ግማሽ ሰዓት የሚበልጥ ክፍል ቆርጦ ጣለ፣ በምትኩ አዲስ ትዕይንት አስቀረጸ። ሼን፣ ግሬግና አኒታ የገቡበት የሦስትዮሽ ፍቅር ጠፋ። የቀረው ልጁ በስተመጨረሻ ትምህርት የሚያገኝበት ለስላሳ ታሪክ ነው፣ ተቺዎችም አልማሩትም። መቼም አንጀቱን አውጥተህ ፊልም ለምን አልቆመም ማለት አይቻልም።

ክሪስቶፈር ግን አልተወውም። የተጣለውን መልሶ የሠራው ቅጂ በፌብሩዋሪ 2015 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ታየ። አንዳንድ ቦታ ምስሉ ድንገት ይደበዝዛል፣ ንጹሕ ፊልሙ ስላልተገኘ ከቪዲዮ የተወሰደ ነው። ይሁን፣ ሰዎቹ እዚህ ሥጋና ደም አላቸው። ይዋደዳሉ፣ ይካካዳሉ፣ ያጠፉትንም ማንም አይሸፍንላቸውም።

የእውነተኛው ክለብ ፍጻሜ የመጣው በግብር ማጭበርበር ነው። በዲሴምበር 1978 የግብር ሰዎች ወረሩት፣ በ1980 ሩቤልም ሽሬገርም እስር ቤት ገቡ። ሩቤል በ1989 ሞተ። ሽሬገር በሆቴል ሥራ ትልቅ ስም አወጣ፣ በጃንዋሪ 2017 ደግሞ ኦባማ ይቅርታ አደረጉለት። ቤቱ ዛሬ ትያትር ይታይበታል።

ፊልሙን ስትፈልጉ ርዝመቱን እዩ። ሰዓት ተኩል ገደማ የሆነው የተቆረጠው ነው፣ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚጠጋውን ምረጡ።