የዓለም ግንባታ ምንድን ነው? የስታር ዋርስ ንዑሳን ገጸ ባሕርያት እንደ ማሳያ

«መቼት» የሚለው የሥነ ጽሑፍ ቃላችን «መቼ»ንና «የት»ን አጣምሮ የያዘ ሲሆን አንድ ታሪክ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ ይገልጻል። መቼቱን ጎንደር ወይም መርካቶ ላደረገ ደራሲ የሥራውን እኩሌታ አንባቢው ይሠራለታል፤ ሰላምታውን፣ የገበያውን ግርግር፣ ማን ለማን ከመቀመጫው እንደሚነሣ አንባቢው ከቤቱ ይዞት ይመጣልና። የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ሠሪ ይህ ዕድል የለውም። ማንም ረግጦት በማያውቅ ፕላኔት ላይ ሰው በምን እንደሚተዳደር፣ ማን ማንን እንደሚንቅ፣ ዕዳ እንዴት እንደሚከፈል፣ ሕግ እስከ የት እንደሚደርስ ሁሉንም ከባዶ ተነሥቶ ማቆም ይኖርበታል። የዓለም ግንባታ የሚባለው ይህ ነው፤ ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት የነበረ፣ ካለቀም በኋላ የሚቀጥል የሚመስል ዓለም መፍጠር።

የዓለም ግንባታ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው የጠፈር መርከቡ፣ ሕንፃውና የጦር መሣሪያው ነው። እነዚህ ዓይን ይስባሉ እንጂ ዓለሙ ነዋሪ ያለው መሆኑን ብቻቸውን አያሳምኑም። በእኔ እምነት ይህን ከባድ ሸክም የሚሸከሙት ንዑሳን ገጸ ባሕርያት ናቸው፤ ሴራውን የማያዞሩት፣ አንዳንዴም ስማቸው እንኳ የማይጠራው። የዋናው ገጸ ባሕርይ ጉዞና ፈተና ለታሪኩ ሲባል የተሰናዳ መሆኑን ተመልካች ያውቃል። ንዑሱ ገጸ ባሕርይ ግን በራሱ ጉዳይ ተጠምዶ ሳለ ካሜራው ይደርስበታል፤ ጉዳዩን ሳይጨርስም ትቶት ያልፋል። ከየት መጣ፣ ወዴትስ ይሄዳል የሚለውን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል፤ ራሱ የሞላውንም ያምነዋል።

ለዚህ ከተከታታዩ የጠፈር ፊልም ከስታር ዋርስ የተሻለ ማሳያ አላውቅም (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጆርጅ ሉካስ በ1977 ለእይታ ባበቃው የመጀመሪያው ፊልም ወጣቱ ሉክና አዛውንቱ ኦቢ ዋን የመርከብ አብራሪ ፍለጋ ወደ ሞስ አይስሊ ከተማ መጠጥ ቤት ይገባሉ። በሩን እንዳለፉ መልካቸው ፈጽሞ የማይመሳሰል ፍጡራን በየጠረጴዛው ተቀምጠው እናገኛቸዋለን፤ አንዱ ይጠጣል፣ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይማከራሉ፣ በጥግ በኩል አንድ ባንድ ይጫወታል። የፊልሙ ጠቅላላ ወጪ 11 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ፍጡራኑን ያሰናዳው ስቱዋርት ፍሪቦርን በመካከሉ ስለታመመ ሪክ ቤከርና ባልደረቦቹ ተጨማሪ ፍጡራን ሠርተው አስገብተዋል፤ ከጭምብሎቹም መካከል አስቀድመው ተሠርተው የነበሩ ይገኙበታል። ሆኖም ተመልካቹ ጭምብሎቹን አይቆጥርም፤ የሚያየው የሰፈሩን ደንበኞች ነው።

ትዕይንቱን ቀረብ ብለን እንየው። ሉክ ሁለቱን ሮቦቶች አስከትሎ ሲገባ አሳላፊው «የእነሱን ዓይነት እዚህ አናስተናግድም» ብሎ ይጮኻል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሮቦቶቹ የእኛ የጉዞ ባልደረቦች ነበሩ፤ በዚህ ዓለም የተናቁ መሆናቸውን የምንሰማው መጠጥ ከሚቀዳ ሰው አፍ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ፊቱ የተጠባበሰ ሰው ሉክን ሊጣላ ይፈልግና «በ12 ሥርዓተ ፀሐይ የሞት ፍርድ ተፈርዶብኛል» እያለ ይፎክርበታል። ይህ ፉከራ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይነግረናል፤ ሞት የሚፈርዱ ፍርድ ቤቶች አሉ፣ ፍርዳቸው ግን እዚህ አይደርስም። ኦቢ ዋን የብርሃን ሰይፉን መዝዞ የሰውዬውን ጓደኛ ክንድ ሲቆርጠው ሙዚቃው ለአፍታ ይቆማል። ከዚያ ይቀጥላል። ስለ ከተማዋ አደገኝነት ኦቢ ዋን ከመግባታቸው በፊት በቃል ተናግሮ ነበር፤ ያመንነው ግን ሙዚቀኞቹ ሥራቸውን እንደ ዘወትሩ ሲቀጥሉ ነው።

በዚያው ቤት ግሪዶ የሚባለው አረንጓዴ ፍጡር የመርከብ አብራሪውን ሃን ሶሎን ያስቀምጥና ጃባ ለሚባል ሰው ያለበትን ዕዳ ያነሣበታል። ግሪዶ ከዚያ ወንበር በሕይወት አይነሣም፤ የሥራ ዘመኑ ጥቂት ደቂቃ ናት። ነገር ግን በመጀመሪያው ዕትም መልኩን ያላየነውን ጃባን እንድንፈራው አድርጎ ነው ያለፈው። ጃባ በፊልም የታየው ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1983 ነው። በ1997 በታደሰው ዕትም ከመጀመሪያው ፊልም ተቆርጦ የነበረውን የጃባን ትዕይንት መልሰው ሲያስገቡት፣ ግሪዶ ብቻውን ገንብቶት የነበረው ፍርሃት ቀለለ ብዬ አምናለሁ።

በ1980ው ፊልም ደግሞ ጋላክሲውን በኃይል የሚገዛው ኢምፓየር የጦር አለቃ ዳርዝ ቬደር፣ በገንዘብ ተፈላጊ ሰዎችን እያሳደዱ የሚይዙ ቅጥረኞችን በመርከቡ ላይ ይሰበስባል። አንድ የኢምፓየሩ መኮንን «እነዚህ ዝቃጮች አያስፈልጉንም» እያለ ሲያጉረመርም፣ ቀና ሲል ጥፍራም ባዶ እግር ከፊቱ ተንጠልጥሎ ያያል፤ የእንሽላሊት መልክ ያለው ቅጥረኛም ያጉረመርምበታል። ወዲያው ቬደር ጣቱን ከቅጥረኞቹ አንዱ ወደ ሆነው ቦባ ፌት ቀስሮ ተፈላጊዎቹን አመድ እንዳያደርጋቸው ያስጠነቅቀዋል። ከዚህ በፊት አድርጎት ነበር ማለት ነው። የት፣ መቼ፣ በማን ላይ? ፊልሙ አይመልስም። ቦባ ፌት በዚያ ፊልም የሚናገረው አራት ዓረፍተ ነገር ያህል ብቻ ሲሆን የቀረውን የሚናገሩለት የተሰረጎደ የራስ ቁሩና የተላጠ ቀለሙ ናቸው።

ቋንቋም ከዚህ ሥራ ድርሻ አለው፤ ይህ ጉዳይ ወደ እኛ አካባቢ ስለሚቀርብ ዝም ብዬ ላልፈው አልወድም። የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት ለግሪዶ ንግግር መነሻ ያደረገው የደቡብ አሜሪካውን የኬችዋ ቋንቋ ነው። በ1983ው ፊልም ከሃን ሶሎ ወዳጅ ከላንዶ ጎን ሆኖ መርከቡን የሚያበረው ኒየን ነንብ ደግሞ ድምፁን ያገኘው ከኬንያዊው ተማሪ ኪፕሳንግ ሮቲች ሲሆን፣ ተማሪው የተናገረው በአገሩ ቋንቋዎች፣ በካሌንጂንና በኪኩዩ ነበር። ላንዶ ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል፣ በራሱም ቋንቋ ይመልስለታል። ሁለት ባልደረቦች እያንዳንዳቸው በየአፋቸው እያወሩ የሚግባቡበት ዓለም ብዙ ሕዝቦች የቆየ ጉርብትና እንዳላቸው ያሳያል፤ በጽሑፍ የሰፈረ ማብራሪያ ቢሰጠን ኖሮ እንዲህ አያሳምነንም ነበር።

ይህ ጥበብ የሚበላሽበት መንገድም አለ። ተመልካች ንዑሱን ገጸ ባሕርይ ሲወደው ሠሪዎቹ ታሪኩን በሙሉ ሊነግሩን ይነሣሉ፤ በ2002 በወጣው ፊልም ቦባ ፌት ልጅ ሆኖ ሲታይ የአንድ ታላቅ ሠራዊት ወታደሮች ሁሉ የተቀዱት ከእሱው አባት ሆኖ ተገኘ። ያ ማንነቱ ያልታወቀ መንገደኛ የዋናው ታሪክ ቤተ ዘመድ ሲሆን፣ ሰፊው ጋላክሲ እንደ አንድ ቀበሌ ጠበበ። ንዑስ ገጸ ባሕርይ ዓለሙን የሚያሰፋው ከዋናው ታሪክ ጋር የማይገናኝ የራሱ ጉዳይ እስካለው ድረስ ነው።

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው በ1980ው ፊልም ውስጥ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ የሚታየውን ሰው ነው። የደመናው ከተማ አስተዳዳሪ ላንዶ ኢምፓየሩ ከተማዋን መያዙን ለነዋሪው አውጆ ቶሎ እንዲወጡ ሲመክር፣ ሰዎች በኮሪደሩ ይተራመሳሉ። ከመካከላቸው አንድ ብርቱካናማ ቱታ የለበሰ ሰው ነጭ ዕቃ በእቅፉ ይዞ ይሮጣል። ዕቃው በእውኑ ዓለም የቤት ውስጥ አይስክሬም መሥሪያ ነው። አንድም ቃል አይናገርም፤ ግን ሁሉን ጥሎ ያንን ብቻ ስላነሣ፣ ከተማዋ ለእሱ ቤቱ እንደነበረች እናውቃለን። ከጊዜ በኋላ ዊልሮው ሁድ የሚል ስም ወጣለት፤ በአድናቂዎች ስብሰባ ላይም ብርቱካናማ ቱታ ለብሰው፣ አይስክሬም መሥሪያ አቅፈው በቡድን የሚሮጡለት አሉ። በ2019 በጀመረው የማንዳሎሪያን ተከታታይ ያው ዕቃ የከበረ ብረት መያዣ ሆኖ ተመለሰ፣ ክዳኑም ተከፍቶ ውስጡ ታየ። የታየው ግን የሌላ ሰው ሀብት ነበር፤ ያ ሰው በዚያች ቀን ምን ጨምሮበት እንደሮጠ ተከታታዩም ሳይነካው አልፏል።