ወንዙ በረዶ ሲሆን የሚከፈት መንገድ

በሰሜን ኦንታሪዮ፣ ካናዳ፣ ብዙ መንደሮች የመኪና መንገድ የሚያገኙት ውሃቸው በረዶ ሲሆን ነው። አገሩ ከሱፒሪየር ሐይቅ በላይ ተነስቶ እስከ ጄምስና ሀድሰን የባሕር ወሽመጦች ይዘልቃል። ጫካ፣ ሐይቅ፣ ረግረግ፣ እንደገና ሐይቅ። የሚኖሩበት ክሪዎች፣ ኦጂብዌዎችና ኦጂ-ክሪዎች የሚባሉ የካናዳ ቀደምት ሕዝቦች ናቸው። የኦጂ-ክሪዎች ቋንቋ መሠረቱ ኦጂብዌ ሆኖ ክሪ በብዛት የገባበት ነው። ኦጂብዌዎች ራሳቸውን አኒሺናቤ ብለው ይጠራሉ። አንዳንዱ መንደር ያለው ጥቂት መቶ ሰው ነው፤ ትልልቆቹ ጥቂት ሺህ ይደርሳሉ።

በሞቃቱ ወቅት ጀልባና አውሮፕላን ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙና ሐይቁ ጠጥሮ ከባድ መኪና ይሸከማል። (ክረምት ስል የኛን ሐምሌና ነሐሴ አይደለም፤ የነሱ ክረምት በጥርና በየካቲት ነው የሚበረታው።) ሠራተኞች በረዶውን ይጠርጋሉ፣ ውፍረቱን እየለኩ ያጠነክራሉ። ከዚያ ለጥቂት ሳምንታት ያልተጫነ ነገር የለም፦ ናፍጣ፣ የቤት መሥሪያ እንጨት፣ ፍሪጅ፣ መኪና። ያ ጊዜ ያመለጠው ዕቃ በአውሮፕላን ይመጣል፤ ዋጋውም ጣራ ይነካል። አሁን አሁን ብርዱ እየዘገየ ነው። በ2024 መጀመሪያ በረዶው አልጠነክር ብሎ የአካባቢው አለቆች አስቸኳይ ጊዜ አውጀዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሙስ ፋክትሪን እንውሰድ። ስሙ ፋብሪካ ያለበት ያስመስለዋል እንጂ በ1673 የሀድሰን ቤይ ኩባንያ ከክሪዎች የቢቨር (ውሃ ውስጥ የሚኖር ፀጉራም እንስሳ ነው) ቆዳ ለመግዛት የከፈተው የንግድ ጣቢያ ነው። መንደሩ ሙስ ወንዝ መሀል ደሴት ላይ ነው። ማዶ ሙሶኒ አለች፤ ባቡር የገባላት በ1932 ነው። በሞቃቱ ወቅት ታክሲው ሞተር የተገጠመለት ትልቅ ታንኳ ነው። በክረምት ታክሲው ራሱ መኪና ሆኖ በወንዙ ላይ ይነዳል። ችግሩ በሁለቱ ወቅቶች መሀል ነው። በረዶው ሲሰነጣጠቅ ለታንኳም ለመኪናም አይሆንም፤ ያኔ ሄሊኮፕተር ነው።

የጸደዩ ጣጣ በዚህ አያበቃም። ወንዞቹ የሚፈሱት ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ ደቡብ ያለው ምንጫቸው ቀድሞ ይቀልጣል፣ አፋቸው ግን ገና ድንጋይ ነው። እየተገፋ የመጣው የበረዶ ክምር መውጫ ሲያጣ ውሃው ወደ ሰው ቤት ይሄዳል። በአልባኒ ወንዝ ዳር ያለችው የካሼቼዋን ነዋሪዎች በአብዛኞቹ ዓመታት ጸደይ ሲመጣ በአውሮፕላን ተጭነው ይወጣሉ።

ግን ያው ጸደይ የዝይ ወቅትም ነው። በጄምስ ወሽመጥ ዳር ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤተሰብ ሁሉ ወደ አደን ሰፈሩ ይሄዳል። ዝይዋ ላባዋ ተነጭቶ በገመድ ከእሳቱ አጠገብ ትንጠለጠላለች። ገመዱን አንዴ ሲያሾሩት ዝይዋ ትዞራለች፣ መልሳ ትዞራለች፣ ስቡ ከታች መጥበሻ ላይ ይንጠባጠባል። ሳጋቦን ይሉታል። ወደ ደቡብ ባሉት የኦጂብዌ ሐይቆች ደግሞ ማኖሚን የሚባል የዱር ሩዝ አለ፤ ታንኳ ውስጥ ተቀምጠው ዛላውን በሁለት ዱላ እየመቱ ያራግፉታል።

እኔን ከሁሉም የሳበኝ ፊደላቸው ነው። በ1840 ጄምስ ኢቫንስ የተባለ ሚስዮናዊ ዛሬ ማኒቶባ በሚባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር ውስጥ ኖርዌይ ሃውስ በተባለ ቦታ፣ እሱ ፈጠረው በሚባለው የክሪ ፊደል ማተም ጀመረ። ለማተሚያ ፊደሎቹ የሚሆነውን የእርሳስ ብረት ያገኘው ከሻይ ሳጥን ሽፋን ነው ይባላል፤ ቀለሙ ጥላሸትና የዓሣ ዘይት። ክሪዎች ግን ፊደሉን ከመንፈስ ዓለም ይዞልን የመጣው የራሳችን ሰው ነው የሚል የቆየ ታሪክ አላቸው። አሠራሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። የኛ «በ» «ቡ» ለመሆን ቅጥያ ይጨምራል፤ የነሱ ፊደል ራሱ ዞር ይላል። ያው ቅርጽ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያይ አናባቢው ይቀየራል። እኛ ሰባት ቤት ስንቆጥር እነሱ በአራት አቅጣጫ ይጨርሳሉ፤ ድምፁ ሲረዝም ነጥብ ይጣልበታል። ለመማር ቀላል ስለነበር አንዱ ለአንዱ እያስተማረ ከታንኳ ወደ ታንኳ ተዛመተ።

ከመንግሥት ጋር ያላቸው ግንኙነት ግን መራራ ነው። በ1905 እና በ1906 የተፈረመው ውል ቁጥር 9 ለእያንዳንዱ ሰው በፊርማው ዕለት 8 ዶላር፣ ከዚያ በየዓመቱ 4 ዶላር ሰጠ። በምላሹ ወረቀቱ ግዙፍ አገር ወሰደ። ሽማግሌዎች በቃል የተነገረንና የተጻፈው አይገጥምም ይላሉ። ከዚያ ልጆች ከወላጅ ተነጥለው በአዳሪ ትምህርት ቤት ቋንቋቸው ተከለከለ፤ የካናዳ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው። ዛሬም ብዙ መንደር ሁለተኛ ደረጃ ስለሌለው ልጆች ቤታቸውን ትተው እንደ ተንደር ቤይ ያሉ ከተሞች ይሄዳሉ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለውም እዚያ በቁሙ አለ፦ ኔስካንታጋ የተባለችው መንደር ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ከ1995 ጀምሮ የቧንቧ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም ተብላለች።

አንድ ነገር ግን ተቀይሯል። 24 የቀደምት ሕዝብ ማኅበረሰቦች አብዛኛውን ድርሻ የያዙበት ዋታይኒካኔያፕ የተባለ የኤሌክትሪክ መስመር ተዘርግቷል፤ ስሙ «ብርሃን የሚያመጣ መስመር» ማለት ነው። ፒካንጊኩም የተባለችው መንደር በ2018 መጨረሻ ከናፍጣ ጄኔሬተር ተላቀቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። መብራቱ አሁን በሽቦ ይመጣል። የቤት መሥሪያው እንጨት ግን አሁንም የሐይቁን መጠጠር ይጠብቃል።