የካምሻፍት ዲግሪ፦ 268 እና 218 አንድ ካም ሊሆኑ ይችላሉ

ካምሻፍት (ባጭሩ ካም፦ የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) አስሞርደው የመኪናቸውን ጉልበት ለመጨመር የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚደናገሩት ዲግሪው ላይ ነው። ዲግሪ ማለት ካሙ ቫልቩን ከፍቶ የሚያቆይበት ርዝመት ነው፤ በክራንክ ሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ዙር ይለካል። ችግሩ መለኪያው ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንዱ ቫልቩ ገና ንቅንቅ ሲል መቁጠር ይጀምራል። ሌላው ታፔቱ (ካሙ የሚገፋው፣ እንቅስቃሴውን ወደ ቫልቩ የሚያደርሰው ክፍል) 1.27 ሚሊሜትር እስኪነሳ ይጠብቃል። ስለዚህ በአንደኛው 268 የተባለው ካም በሌላው 218 ሊባል ይችላል። ያው አንድ ካም ነው! ሁለት ካም ስታወዳድሩ መጀመሪያ «በየትኛው ልኬት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዲግሪው ሲበዛ ጉልበቱ ወደ ከፍተኛ ዙር ይሸሻል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሲነሳም ይደክማል። በየቀኑ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ለሚውል መኪና ይሄ ስቃይ ነው። እኔ ብሆን ከፋብሪካው ትንሽ ብቻ ከፍ ያለውን እመርጣለሁ። ስንት ዲግሪ ይበቃል የሚለው ግን እንደ ሞተሩ መጠንና ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እምቅታ) ይለያያል።

የማይለያየው ይሄ ነው፦ ሳይበየድ የሚሞረድ ካም ብረት ይቀነስለታል እንጂ አይጨመርለትም። የካሙ ክብ ጀርባ ይሳሳል፣ የቫልቭ ክፍተቱም (ቫልቩ ሲዘጋ በካሙና በቫልቩ መካከል የሚቀረው ትንሽ ክፍተት) ይሰፋል። ክፍተቱ በእጅ የሚስተካከል ሞተር ከሆነ፣ ሳታስተካክሉ አታስነሱት፤ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል።